መውረድም ድሮ ቀረ

እናንተ እኩዮቼ፣ ውርጭ ጉልበታችሁን የበላው፣ ከጭላሎ ግርጌ ጋቢ ደርባችሁ ፀሐይ የምትሞቁ የአሰላ፣ የኢተያና የበቆጂ ሰዎች፣ እስኪ እናንተው ፍረዱኝ። ድሮ ሰው ወደቀ ከተባለ ወደቀ ነው፤ ተነሣ ከተባለም ተነሣ ነው። ዛሬ በኳሱ ዓለም ማን እንደ ወረደ፣ ማን እንዳደገ፣ ማን ባለበት እንደ ቀረ የሚያውቅ ሰው ካለ አምጡልኝና እግሩን ልጠብ። በቀደም የልጅ ልጄን ስለ አንድ ቡድን «የት ደረሰ?» ብዬ ብጠይቀው «አባባ፣ ከፍተኛ ሊግ ነው» አለኝ። እሰይ፣ ደግ አደረገ! ብዬ መረቅሁ። ለካስ ከፍተኛ ሊግ የሚባለው ሁለተኛው ነው። ከእሱ በታች ያለውስ? ብል፣ አንደኛ ሊግ ይባላል አለኝ። አንደኛው ሦስተኛ፣ ከፍተኛው ሁለተኛ! ይህን ያወጣው ሰው ሒሳብ ያስተማረው መምህር በሕይወት ካለ ይጠየቅልኝ።

በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ውዥንብር የለም። ቡድን ሁለት ዓይነት ነበር፤ የእኛና የእነሱ። የእኛ ጨዋ ነው፣ የእነሱ ሌባ ነው፤ አለቀ። ሰንጠረዥ የሚባል ነገር ሳያስፈልገን ኖርን።

መውረድ ራሱ ወግ ነበረው። ቡድን ተዋርዶ ሲመለስ በጠራራ ፀሐይ ከተማ አይገባም። ኢተያ ላይ ቆሞ እስኪጨልም ይጠብቃል፤ ከዚያ ተጫዋቾቹ ፊታቸውን በፎጣ ሸፍነው አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ይሾልካሉ። የበረኛው እናት ለሳምንት ያህል ገበያ አይወጡም፤ ቅቤያቸውን ጎረቤት ይሸጥላቸዋል። ጠጅ ቤት የገባ አጥቂ ብርሌ አይቀዳለትም። ዛሬ እንዴት ነው? ወረደ የተባለ ቡድን ተጫዋች በማግስቱ ለሌላ ክለብ ፈርሞ፣ ጸጉሩን ወርቅማ ተቀብቶ፣ እየሳቀ ፎቶ ይነሣል። ኀፍረት የሌለው መውረድ ምን ይሉታል? እንዲያው ሽርሽር ነው እንጂ።

ዳኛውስ ቢሆን! የድሮ ዳኛ ፊሽካውን ነፋ ማለት አበቃ፣ ማንም ቃል አይተነፍስም። አንድ ጊዜ ብቻ በመጨረሻው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ቢሰጥብን፣ ሕዝቡ ተነሥቶ እስከ ወንዙ ማዶ ሸኝቶታል። ዱላ የያዙም ነበሩ፤ መንገዱ ጅብ ስላለበት ነው። ሜዳው ደግሞ ልምላሜው አይነገርም! ላሞቹ እንኳ ጨዋታው እስኪያልቅ አያስችላቸውም ነበር። ኳሷን ከጨርቅና ከአሮጌ ካልሲ ጠቅልለን በሲባጎ እናስራታለን፤ ዝናብ ሲመታት ክብደቷ ጨምሮ በግንባር የገጫት ልጅ ስሙን ይረሳል። እንደዚያ ነው ኳስ! የዛሬዋ በነፋስ ትሄዳለች፤ ችሎታ አይጠይቅም።

የአገሩም ሻምፒዮና ክብር ነበረው። ከአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር፣ ከአስመራ እነሐማሴንና እነቴሌ ይመጡና ይፋለማሉ። እኛ አርሲዎች አንጠራም፤ ባንጠራም ቅር አላለንም። ያልተጠራ መቼ ይወርዳል? በእነዚያ የደጉ ዘመን ዓመታት ሁሉ አሰላ አንድም ጊዜ አልወረደችም፤ ይህን የሚክድ ታሪክ አያውቅም። የአፍሪካ ዋንጫንም ያየን እኛው ነን። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኗቸው እነመንግሥቱ ወርቁ፣ እነሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ሸኟት። ከዚያ በፊት ቱኒዚያን 4 ለ 2። በቃ! አራት አገር ተሰብስቦ፣ ሁለት ጨዋታ ተጫውተን፣ ዋንጫ አነሣን። ሥራ ማለት ይህ ነው። ዛሬ ለማጣሪያው ብቻ ዓመት ሙሉ ይሮጡና ከደጅ ይመለሳሉ፤ ጨዋታ ሲበዛ በረከት ይጠፋል።

ከዚያ በ1990 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊግ የሚሉት መጣ። ስሙን እንኳ ለመጥራት ጥርስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ዋንጫ መብራት ኃይል ወሰደ፤ ደግ አደረገ፣ የቆየ ቤት ነው አልን። ያው ቡድን ኢትዮ ኤሌክትሪክ ተብሎ በ2010 ዓ.ም. ወረደ። በ2014 አደገ። በ2015 ተመልሶ ወረደ። በ2016 እንደገና አደገ። አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ይበራል፤ ስሙን ማስከበሩ ይሆናል እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ደደቢትን ተመልከቱ፤ በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን ነበር፣ በ2011 ወራጅ ሆነ። ዋንጫ ያነሣ እጅ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ሻንጣ አነሣ።

መውረዱ እንዲህ ሲሆን ማደጉ ደግሞ የባሰ ጉድ ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2009 ዓ.ም. ከታች መጣ፤ በ2010 ዋንጫውን ይዞት ቁጭ! በ2014 ደግሞ ወረደ። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ2015 አደገ፣ በ2016 ሻምፒዮን ሆነ። እስኪ ንገሩኝ፣ አዲስ ሙሽራ በገባችበት ዕለት ከአማቷ ቀድማ ማጀቱን ትረከባለች? ድሮ ከታች የመጣ ቡድን መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት እየተሸነፈ ወግ ይማራል፤ ታላላቆቹን ያስቀድማል፤ ዋንጫ ሲያልፍ ከመንገድ ገለል ይላል። የዛሬዎቹ ጥረው ግረው ሳይሆን እየሮጡ ነው የሚያድጉት። በሌላ በኩል ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስን ያህል በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተ አንጋፋ ደጋግሞ ዋንጫውን ብቻውን ሲወስድስ? እሱም ያስቆጣል። ለሌላው አይተርፍም ወይ? ትንንሾቹ መቼ ይደጉ ይባሉ?

ይባስ ብሎ መውረድ ራሱ የቀረበት ጊዜ መጣ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባና ውድድሩ ተሰረዘ፤ ሻምፒዮን የለ፣ ወራጅ የለ። በ2013 የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ሳይመጡ ቀሩና ሊጉ በ13 ክለብ ተካሄደ። ያ የሐዘን ነገር ነው፤ ቀልድ አይነካውም። የሚገርመኝ የኋላው ነው። በሰንጠረዡ ግርጌ የነበሩት ሦስቱ፣ አዳማ፣ ጅማና ወልቂጤ፣ ክፍት ቦታ ለመሙላት ከከፍተኛ ሊግ ከመጡት ጋር እንደገና ተጋጠሙና ሦስቱም እዚያው ቀሩ። ሰውየው ሞቷል ተብሎ ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ እሱ ራሱ መጥቶ ንፍሮውን በላ ማለት ነው። ክለቡም 13 ሆነ፣ 16 ሆነ፣ የትግራዮቹ ሲመለሱ ደግሞ ከ16ም አለፈ። እንኳን ተመለሱ እላለሁ፤ ግን እኔ የ13ቱን ስም ሸምድጄ ሳልጨርስ ቁጥሩን የቀየረብኝ ማን ነው?

አሁን ወደ ትልቁ ቁስሌ ልግባ። ቀድሞ ቡድን አገር ነበረው፤ በሜዳው ይጫወታል፣ ከሜዳው ውጪ ይጫወታል። እንግዳው ቡድን ሲመጣ ከተማው ይነቃል፤ ሆቴሉ ይሞላል፣ ጋሪው ገንዘብ ያገኛል፣ ቆሎ ሻጯ ሁለት ቁና ትጨርሳለች። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ጨዋታው ለቴሌቪዥን ተሸጠና ክለቦቹን ሁሉ ሰብስበው በአንድ ከተማ ያከርሟቸው ጀመር። ጥቂት ሳምንት አዲስ አበባ፣ ጥቂት ጅማ፣ ጥቂት ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ቡድኑ የአንዱ ከተማ ስም ተሸክሞ በሌላው ከተማ ይኖራል። ደጋፊው ልጁን ለማየት አገር ያቋርጣል። ስሙንም «ቤትኪንግ ኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ» ብለው ለውርርድ ድርጅት አከራይተውት ነበር። ቁማር በኢትዮጵያ ፊት ቀደመ፣ ወገኖቼ! ስሙን ሳስበው ራሴን ያዞረኛል።

ይህን ሁሉ የት አየኸው ካላችሁኝ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። የዚህን ቤት ነገር አታንሡብኝ፤ ወጣቱን ያጠፋው እሱ ነው። ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው በጥቁር ሸራ የተሸፈነ፣ አግዳሚው የቆሸሸ ሳንቃ። ከፊት ሁለት ቴሌቪዥን ጎን ለጎን ይሰቀላል፤ አንዱ የእኛን ሊግ፣ አንዱ የእንግሊዝን ያሳያል። መቶ ሰው ተጨናንቆ ዘጠና ስምንቱ አንገቱን ወደ እንግሊዝ ያዞራል። በእኛ በኩል የሚቀረው እኔና አንድ ጆሮው የማይሰማ ጡረተኛ ነን። እሱም ወደዚያ ያልዞረው አንገቱ ስለማይታዘዝለት ነው። ከፊት ካለው ወንበር ላይ፣ ከማገሩ አጠገብ፣ ፈጽሞ ማንም አይቀመጥም፤ የእኔ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ካልደረስሁ ባለቤቱ ልጅ ልኮ ታመው ይሆን ብሎ ያስጠይቃል። ሻዩም ስኳሩ የሚበዛው ለእኔ ነው። እንዲህ ያለ የሥራ ፈት መናኸሪያ መንግሥት ምነው ዝም ይላል?

እዚያው በር ላይ የውርርድ ትኬት የሚቆርጡበት አለ። ልጆቹ ያቺን ቀጭን ወረቀት አራት አጥፈው ካልሲያቸው ውስጥ ይከታሉ፣ ጎል ሲገባ ያወጣሉ፣ ያያሉ፣ ይሳደባሉ፣ መልሰው ይከታሉ። ያደገው በውርርድ፣ የወረደው በውርርድ። ቡድኔ አይወርድም ብሎ ከሚያለቅስ ደጋፊ ይልቅ ይውረድልኝ ብሎ የሚጸልይ በዛ። እኔ አልፎ አልፎ የምቆርጠው የሰንጠረዡን ጠባይ ለማጥናት ብቻ ነው፤ ባለፈው ያገኘኋትም ትንሽ ገንዘብ የጥናት ወጪዬን ሸፈነች።

ክለቡን ተዉት፣ የአገሩ ቡድንም ደጅ አጥቶ ነበር። ስታዲየማችን ደረጃ አያሟላም ተብሎ ብሔራዊ ቡድናችን «በሜዳው» ይጫወት የነበረው በሰው አገር ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. እነዳዋ ሆጤሳና እነሽመልስ በቀለ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ የሜዳው ባለቤት እኛ ነበርን፤ ሜዳው ግን ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነው። በሰው ቤት ድግስ ደግሶ እንግዳ መጥራት እንዲህ ነው። ያን ዕለት እንኳን ለደስታ የሚተኮስ ጥይት፣ የሚታረድ በግ አላገኘንም።

ታዲያ አንድ ቀን ሚኒያፖሊስ ያለው የእህቴ ልጅ ደወለ። ስልኩን ያቀረብሁት ጆሮዬ ላይ ነው፤ ለካስ በምስል ነውና እሱ የሚያየው የጆሮዬን ጸጉር ነበር። ይህን ሁሉ ብሶቴን ዘረገፍሁለት። ሳቀና፣ «ጋሼ፣ እዚህ እኮ መውረድ የሚባል ነገር የለም» አለኝ።

«የለም ማለት?»

«ሜጀር ሊግ ሶከር ይባላል። መጨረሻ የወጣውም ቢሆን በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ነው።»

ወገኖቼ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በፈረንጅ 1996 በ10 ቡድን ተጀመረ፤ በ2025 ሠላሳ ደረሱ፤ አንድም የወረደ የለም። የሎስ አንጀለሱ ጋላክሲ በፈረንጅ 2024 ሻምፒዮን ሆነ፤ በማግስቱ ዓመት 16 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም ሳያሸንፍ ቆየ። እኛ ዘንድ ቢሆን የኢተያው ጨለማ አይበቃውም ነበር! እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ይባስ ብሎ ከኮሌጅ የሚመጡ አዲስ ተጫዋቾች ሲከፋፈሉ ታችኛው ላይ ያለው ቀድሞ ይመርጣል። ክፍል ውስጥ መጨረሻ የወጣውን ተማሪ ና ቀድመህ ምሳ ብላ ማለት ነው። በእኛ ጊዜ ልምጭ ነበር የሚቀድመው።

ማደግስ? ማደግ በገንዘብ ነው። ከታች ያለ ቡድን ሁሉን ቢያሸንፍ ለምስጋና ብቻ ነው፤ የላይኛውን በር የሚከፍተው ኪስ ነው። ሳንዲያጎ የመጣው ለመግቢያ ብቻ 500 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ ነው ተባለ። ባለሀብቱ ይህን ያህል ከፍሎ በዓመቱ ቢወርድ ልቡ ይቆማላ፤ ለዚህ ነው መውረድ የሌለው። የታችኞቹን፣ ዩኤስኤል የሚባሉትን፣ ይህ አላስቻላቸውም፤ በፈረንጅ 2025 ተሰብስበው እርስ በእርሳችን እንኳ እንውጣ እንውረድ ብለው ወሰኑ። አያችሁ? አሜሪካም በስተርጅና ልብ ገዛች። የእኛዎቹ ስደተኞች ግን ከ1976 ዓ.ም. ጀምረው ሰኔ ሲያልቅ በየከተማው ስም ተሰብስበው ይጫወታሉ፤ የእህቴ ልጅ ዛሬም ተሰልፎ ይጫወታል፤ ሆዱ ከኳሷ ቀድሞ መስመር ያልፋል። እሱን ማውረድ ማንም አልቻለም።

እኔ በዚህ በኩል ግትር ነኝ። መውረድ የሌለበት ኳስ ጨው የሌለው ወጥ ነው። ሹም ሽር ባይኖር ማን ይሠራ ነበር? ማንም ይሁን፣ የፈለገው ስም ይኑረው፣ የፈለገው ታሪክ ይኑረው፣ ካልቻለ ይውረድ። ልዩ አስተያየት ይደረግልኝ ማለት የአሜሪካን በሽታ ነው።

ይህን መርሕ ይዤ ለሚመለከተው ክፍል ማመልከቻ አርቅቄአለሁ፤ እናንተ ፈርሙ። አንደኛ፣ አሰላ ያለ ምንም ማጣሪያ ፕሪምየር ሊግ ትግባ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደብተሩን ብብቱ ሥር ይዞ ትምህርት ቤት የሮጠው በዚህ መሬት ላይ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የበቀሉት ከዚሁ ከበቆጂ ነው። በሩጫ ዓለምን ያሸነፈ አገር በኳስ ለምን ማጣሪያ ይጫወታል? እነሱ ያገኙትን ወርቅ ነጥብ ብለን ብንቆጥረው ከነጊዮርጊስ እንበልጣለን። ያ ሁሉ ወርቅ የመጣው ደግሞ በንጹሕ ላብ፣ ማንም ማንንም በአቋራጭ ሳያስገባ መሆኑን ማመልከቻው ላይ አስምሬበታለሁ።

ሁለተኛ፣ አሰላ ከገባች በኋላ አትውረድ። መውረድ ልጆቻችንን ያሸማቅቃል፤ ቅስም ይሰብራል፤ ለብቅል ገብሱም አይበጅም። ሦስተኛ፣ ሌሎቹ ግን በየዓመቱ ይውረዱ፤ በተለይ እኛን ያሸነፉን። አራተኛ፣ ጨዋታዎቻችን በሙሉ እዚሁ አሰላ ላይ ይሁኑ፤ እንግዶቹ እዚህ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ቢያጥራቸው የጭላሎ ጥፋት ነው፣ የእኛ አይደለም። አምስተኛ፣ ዕድሜያችን ለገፋ ደጋፊዎች መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ትኩስ ጩኮና ነፃ መግቢያ ይሰጠን። ስድስተኛ፣ ጨዋታው በዲኤስቲቪ እንዳይተላለፍ፤ ዝናብ የጣለ ዕለት ግን ይተላለፍ።

የልጅ ልጄ አንብቦ «አባባ፣ ይሄ እኮ ያው የአሜሪካኖቹ ነው» አለኝ። የዛሬ ልጅ ማንበብ እንጂ ማስተዋል የት ያውቃል! እነሱ በገንዘብ ነው የገቡት፤ እኛ ሳንቲም አንከፍልም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በሉ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወፍጮ ቤቱ ጥግ እጠብቃችኋለሁ፤ የምትፈርሙ ሁሉ እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ። ሁለት ሁለት ያዙ፤ የዛሬ እስክሪብቶ እንደሆነ የአባት ስም ላይ ሳይደርስ ይደርቃል።